እስክትዞር ጠብቅ፣ አባዬ

በዚህ ወር ስለ ሸረሪት ላጫውታችሁ ነው። ኧረ ቆዩ፣ ገጹን አትግለጡት! ምግብ ቤቴ ውስጥ ሸረሪት ገባ አላልኩም። የማወራችሁ ልጆቻችን በጌም ውስጥ ስለሚዋጓቸው ሸረሪቶች ነው።

ትንሹ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምግብ ቤታችን የኋለኛው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና የቤት ሥራውን ጨርሶ ጌሙን ይከፍታል። እኔ ትሪ ይዤ ሳልፍ «ዝጋው!» እላለሁ፤ እሱ «እሺ» ይላል፤ አይዘጋውም። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። አንድ ቀን እንግዳ በዝቶብኝ፣ ተናድጄ ቀማሁትና ከበርበሬው ጆንያ ጀርባ ደበቅሁት። ልጁ አላለቀሰም፣ አልለመነኝም። ዝም አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ከ«እሺ» በቀር ቃል አልወጣውም። ወላጆች፣ ልጅ ሲያለቅስ አያስፈራም፤ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው።

ሰኞ ምግብ ቤታችን ዝግ ነው። የዚያን ሰኞ ጌሙን አውጥቼ ሰጠሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። «በል አሳየኝ፤ ምን ቢኖርበት ነው?» አልኩት።

ጨዋታው «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» ከሚባለው የኒንቴንዶ ተከታታይ አንዱ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1986 ወጣ። ከፈጠሩት አንዱ ሺገሩ ሚያሞቶ የሚባል ጃፓናዊ ነው፤ ሐሳቡን ያገኘው ልጅ እያለ በሰፈሩ ጫካና ዋሻ ውስጥ ሲዞር ካየው ነው። ልጄ የያዘው ደግሞ «ኦካሪና ኦፍ ታይም» የሚባለውን፣ በ1998 የወጣውን ነው። ሊንክ የሚባል ልጅ ሰይፍና ጋሻ ይዞ አገር ያድናል።

ሊንክ ገና ጉዞውን ሲጀምር ትልቅ ዛፍ ውስጥ ይገባል። እዚያ ነው ሸረሪቶቹ ያሉት። ስማቸው ስካልቱላ ነው፤ ራስ ቅልና ታራንቱላ የሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተጋጥመው የወጣ ስም ነው። እውነትም ጀርባቸው ላይ የራስ ቅል የመሰለ ጠንካራ ሽፋን አለ። ከጣሪያ በድር ተንጠልጥለው መንገድ ይዘጋሉ። በግድግዳ ላይ የሚሳቡ ዘመዶችም አሏቸው፤ ሐረግ ይዛችሁ ስትወጡ መትተው ይጥሏችኋል። (ልጆች፣ እናንተ ሳታርሙኝ ልናገር፦ ነፍሳት ስድስት እግር ነው ያላቸው፤ ሸረሪት ስምንት ስላላት ሳይንሱ ከነፍሳት አይቆጥራትም።)

«ሞክር» አለኝ። ያዝኩት። ሸረሪቷ ፊት ሄጄ በሰይፍ ደበደብኳት፤ ምንም አልሆነችም። ደግሜ መታኋት፤ እሷ መታችኝ። ሊንክ ሲጀምር ያለው ሦስት ልብ ነው፤ ሦስቱንም ጨረስኩ። ልጄ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«እስክትዞር ጠብቅ፣ አባዬ» አለኝ። «ጀርባዋ ደንጊያ ነው። ስትዞር ሆዷ ይታያል፤ ያኔ ምታት።»

ጋሻዬን ይዤ ቆምኩ። ሸረሪቷ ቀስ ብላ ዞረች። መታኋት፤ ወደቀች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ምግብ ቤቱን የከፈትኩ ቀን እንኳ እንዲያ አልጮህኩም።

የግድግዳዎቹን ለማውረድ ደግሞ ሊንክ እዚያው ዛፍ ውስጥ ወንጭፍ ያገኛል። እኔም ሳላስበው «እኔ እንኳ በልጅነቴ ማሽላ ስጠብቅ ወንጭፍ ነበረኝ፤ የኔ ግን በገመድ የሚሽከረከር ነው» አልኩ። ልጄ ጌሙን አቆመው። ማሽላ ምንድነው? ማን ጋር ነበርክ? ወፍ መታህ? ፈርተህ ታውቃለህ? እኔ ከሱ አንድ ቃል ፈልጌ ሦስት ቀን ቆይቼ፣ እሱ በአንድ ማታ ሃያ ጥያቄ ጠየቀኝ። ያውም በአማርኛ! ያጣውን ቃል በእንግሊዝኛ እየሞላ፣ እኔም እያቀበልኩት።

አሁን የጨዋታውን ዋና ሚስጥር ልንገራችሁ። በዚያ አገር ተደብቀው የሚኖሩ 100 የወርቅ ስካልቱላዎች አሉ። ካካሪኮ በሚባል መንደር ውስጥ ደግሞ አንድ ሀብታም ቤተሰብ አለ። አባትየውም ልጆቹም ተረግመው ሸረሪት ሆነዋል። የመንደሩ ሰዎች እንደሚሉት ምክንያቱ ስግብግብነት ነው። የወርቅ ሸረሪቶቹን ገድላችሁ ምልክታቸውን ስትሰበስቡ እርግማኑ ይፈታል፤ 10 ሲሞላ አንዱ ልጅ ሰው ይሆናል፣ 20 ሲሞላ ሌላው፣ እያለ እስከ 50 ይሄዳል። አባትየው ግን 100 ካልሞላ አይፈታም።

ሸረሪቶቹ በቀላሉ አይገኙም። ቀረብ ስትሉ የመፋቅ ድምፅ ያሰማሉ፤ ስለዚህ ማዳመጥ ነው። ማታ ካልሆነ የማይወጡ አሉ። ሌላም ነገር አለ። ሊንክ በጨዋታው መሐል ሰባት ዓመት ዘልሎ ትልቅ ሰው ይሆናል። «አንዳንዶቹን ልጅ ሆነህ ብቻ ነው የምታገኛቸው» አለኝ ልጄ። «አንዳንዶቹን ደግሞ ካደግህ በኋላ ብቻ።»

እዚህ ላይ ዝም ያልኩት እኔ ነበርኩ። ትልቋ ልጄ አሁን ኮሌጅ ናት። እሷም በዚያው በኋለኛው ጠረጴዛ ነው ያደገችው። እኔ ያኔ ምግብ ቤቱን አቆማለሁ ብዬ ቀንና ሌሊት ስሮጥ፣ ምን ትጫወት እንደነበር፣ ምን ያስፈራት እንደነበር አላውቅም። «ለናንተ ነው የምለፋው» እል ነበር። ውሸት አልነበረም፤ ግን እሷ ልጅ ሆና ብቻ የሚገኙት አመለጡኝ። ሊንክ ሰይፉን ወደ ቦታው ሲመልስ እንደገና ልጅ ይሆናል፣ የቀሩትንም ሸረሪቶች ይፈልጋል። እኔ ቢላዬን በየማታው አስቀምጣለሁ፤ ማንም ልጅ ሆኖ አልተመለሰልኝም።

በነጋታው ደወልኩላትና «አንቺ ልጅ ሆነሽ ምን ነበር የምትጫወቺው?» አልኳት። መጀመሪያ «አባዬ፣ አመመህ እንዴ?» አለችኝ። ቀጥሎ አርባ ደቂቃ አወራን።

አሁን ሰኞ ማታ ማታ ልጄና እኔ ሸረሪት እናድናለን። ደንባችን ሦስት ነው። የቤት ሥራ ይቀድማል። አንድ ሰዓት ሲሞላ ይዘጋል፤ ሰዓቱን የሚይዘው እሱ ነው፣ እኔ አልጮህም። ስንጫወት በአማርኛ ነው። «ሸረሪት፣ ድር፣ ሆድ፣ ጀርባ፣ ወንጭፍ፣ እርግማን» የሚሉትን አሁን ሲጠራቸው ብትሰሙ! «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ብነግረው «ጌሙ ውስጥ አንበሳ የለም» ብሎ ቢከራከረኝም፣ ለመምህሩ ተርጉሞ እንደነገራት ሰምቻለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በዚያ ቤት ውስጥ የሰው ራስ ያለው ሸረሪት ከጣሪያ ይወርዳል። ለሕፃናት ከመኝታ በፊት አይሆንም፤ እኔ ራሴ ደንግጫለሁ። ሸረሪት ለሚፈሩት በ2024 የወጣው «ኤኮስ ኦፍ ዊዝደም» ይሻላል። እዚያ ጀግናዋ ዜልዳ ራሷ ናት፤ ያሸነፈችውን ፍጡር አምሳያ እየጠራች ለሥራ ታዘዋለች። ግድግዳ ላይ የሚሳበውን ሸረሪት ይዛ ገደል ትወጣለች። ጠላት የነበረው መሰላል ሆነ ማለት ነው።

እስካሁን 43 ይዘናል። አራት ልጆች ሰው ሆነዋል። ባለፈው ሰኞ ልጄ ሽልማቱን አስቀድሞ አንብቦ ኖሮ «አባዬ፣ 100 ሲሞላ የሚሰጡን 200 ሩፒ ብቻ ነው» አለኝ። ሩፒ የዚያ አገር ገንዘብ ነው። የነጋዴ ነገር፣ ወዲያው ሒሳብ ሠራሁ። «ለሱ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ልፋት? አያዋጣም!» አልኩ።

ልጄ አየኝና «አባትየው ሰው እንዲሆን ነዋ» አለኝ።

የዚህ ወር የቤት ሥራችሁ ቀላል ነው። ልጃችሁን «ዝጋው» ከማለታችሁ በፊት አንድ ማታ አጠገቡ ተቀመጡና «ይሄ ጠላት ማነው? እንዴት ነው የሚሸነፈው?» በሉት። ልጆች፣ እናንተ ደግሞ ወላጆቻችሁ ሲሞክሩ አትቀልዱባቸው፤ ሦስት ልብ ቶሎ ያልቃል። እኛ 57 ይቀረናል። እስከሚቀጥለው ወር ሰላም ሁኑ።