20 የሚባለው ታንክ ውስጥ 15 ነው ያለው

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ኮሜንት ላይ ልትሰዳደቡ የተዘጋጃችሁ ሌላ ገጽ ፈልጉ። የማወራው ስለ ጋዝ ነው፤ መኪናዬ ስለሚጠጣው ሳይሆን ጓሯችሁ ውስጥ ከግሪሉ ሥር ስለተቀመጠው ነጭ ታንክ። ፕሮፔን። አገር ቤት ብንሆን ቡታ ጋዝ ብለን የምናልፈው።

በጋ ገብቷል። ከአሁን ጀምሮ እስከ መስቀል ድረስ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሐበሻ ጓሮ ሁሉ ይጨሳል። ምረቃ አለ፣ ክርስትና አለ፣ የማኅበር ሽርሽር አለ። ሽታው ቤት እንዳይገባ ብለን ወጡንም ውጭ መሥራት ጀምረናል። ታንኩ ያልቃል። ከዚያ ምን እናደርጋለን? ባዶውን ትራንክ ውስጥ ወርውረን ግሮሰሪ ወይም ነዳጅ ማደያ በር ላይ ወደቆመው የሽቦ ሳጥን እንሄዳለን፤ ሃያ ምናምን ዶላር ከፍለን፣ ባዶውን ሰጥተን፣ "ሙሉ" ይዘን እንመለሳለን። ሙሉ የሚለውን በጥቅስ ያስቀመጥኩት አውቄ ነው።

ሙሉ አይደለም። ታንኩ በተለምዶ የ20 ፓውንድ ታንክ ይባላል። ከሽቦ ሳጥኑ የምትወስዱት ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው 15 ፓውንድ ጋዝ ነው። ተደብቆም አይደለም፤ በላዩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። የሚያነብ ጠፍቶ ነው። እናቶቻችን ሥጋ ሲገዙ ከሚዛኑ ላይ ዓይናቸውን አይነቅሉም ነበር፤ ባለ ሥጋ ቤቱ ጣቱን ሚዛኑ ላይ ቢያሳርፍ ሰፈር ይሰማ ነበር። አንድ ኩንታል ጤፍ ብሎ 75 ኪሎ ያወረደላችሁን ነጋዴ ምን ታደርጉት ነበር? ሒሳቡ እኮ ያው ነው። ሩቡ የለም።

ይህን ባልኩ ቁጥር አንድ አዋቂ ይነሳና "ለደኅንነት ሲባል እኮ ነው፣ ጢም ተደርጎ ከተሞላ ይፈነዳል" ይለኛል። ግማሹ እውነት ነው። ፈሳሽ ፕሮፔን ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ታንክ ከ80 ከመቶ በላይ አይሞላም። ግን 20 ፓውንዱ ራሱ ያ ባዶ ቦታ ተጠብቆለት የወጣ ቁጥር ነው! የታንኩን አንገት እዩት። ደብልዩ ሲ ከሚሉት ሁለት የፈረንጅ ፊደላት አጠገብ 47.6 የሚል ቁጥር ተቀርጿል፤ ታንኩ በውኃ ጢም ቢል የሚይዘው ክብደት ነው። የፕሮፔን ልኩ የዚያ 42 ከመቶ ነው፣ ማለትም 20 ፓውንድ። በዚያ ላይ ሦስት ማዕዘን እጀታ ያለው ቫልቭ ልኩ ሲደርስ ራሱ የሚዘጋ መሣሪያ በውስጡ አለው፤ ያ መሣሪያ የሌለው አሮጌ ታንክ ከ2002 ወዲህ አይሞላም። ስለዚህ 15 የሆነው ለእናንተ ነፍስ ተሳስተው አይደለም።

ታዲያ ለምንድን ነው? 2008ን ታክሲ የሚነዳ ሰው ሁሉ ያስታውሳል፤ ቤንዚን በጋሎን ከ4 ዶላር ያለፈበት በጋ ነው። በዚያው ዓመት ነው ታንክ በመቀያየር ንግድ ላይ ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ኩባንያዎች፣ ብሉ ራይኖና አሜሪጋዝ፣ የሚሞሉትን ከ17 ፓውንድ ወደ 15 ያወረዱት። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2014 ባቀረበው ክስ ሁለቱ አንድ ላይ የዚህን ገበያ 80 ከመቶ ገደማ እንደያዙ ገልጾ፣ ዋልማርት ቅነሳውን እንዲቀበል ለማድረግ ተመሳጥረዋል ብሏል። ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ልብ በሉ፤ ክሱ የመጣው በመመሳጠሩ ነው እንጂ በ15ቱ አይደለም። 15 መሙላት፣ መለያው ላይ እስከተጻፈ ድረስ፣ ወንጀል አይደለም። ዛሬም 15 ነው። ዋጋው ሳይነቃነቅ ከ17 ወደ 15 መውረድ ማለት በጓሮ በር 13 ከመቶ መጨመር ማለት ነው። እኔ ሜትሬ ላይ እንዲህ ባደርግ ፈቃዴ በማግስቱ ነው የሚነጠቀው።

አሁን ወደ ኪሳችን። ዋጋ እንደ ቦታው ይለያያል፤ እናንተ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ። መቀየሪያው 24 ዶላር ነው እንበል። 24 ለ15 ሲካፈል ፓውንዱ 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም መጣ። በጋሎን በሚያስሞሉበት ቦታ ደግሞ ጋሎኑ 4 ዶላር ነው እንበል። አንድ ጋሎን ፕሮፔን 4.2 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፤ ፓውንዱ 95 ሳንቲም ሆነ። 20 ፓውንዱን በሙሉ ብታስሞሉ 4.7 ጋሎን ገደማ ይገባል፣ 19 ዶላር አይሞላም። በአነስተኛ ገንዘብ ተጨማሪ 5 ፓውንድ። ለትልቅ ድስት የምንጠቀምበት ያ የውጭ ምድጃ 60,000 ቢቲዩ ከሆነ፣ እስከ ጥግ ተከፍቶ በ15 ፓውንድ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይነዳል፣ በ20 ፓውንድ ሰባት ሰዓት ያልፋል። እንግዳ ተሰብስቦ ጋዝ ያለቀበት ሰው የዚህችን ሰዓት ተኩል ዋጋ ያውቃታል።

ሌላም አለ፣ እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ማንም ታንኩ ሙልጭ እስኪል አይጠብቅም። ነገ እንግዳ አለ ተብሎ ዛሬ ይቀየራል። ውስጡ ሁለት ሦስት ፓውንድ አለ። እሱን ሽቦ ሳጥኑ ውስጥ ጥላችሁት ትሄዳላችሁ፤ የሚመልስላችሁ የለም። ገዝታችሁ፣ ከፍላችሁ፣ መልሳችሁ በነፃ ሰጣችሁ ማለት ነው። በጋሎን ስታስሞሉ ግን የምትከፍሉት ለገባው ብቻ ነው። (ተጠንቀቁ፤ ለአንድ ታንክ አንድ ቁርጥ ዋጋ የሚያስከፍሉም አሉ። ሳይቀዳ በፊት "በጋሎን ነው ወይስ በታንክ?" ብላችሁ ጠይቁ። በታንክ ከሆነ ጭላጩን ጨርሳችሁ ሂዱ።)

"ጊዜ የለኝም" የሚሉኝ ደግሞ አሉ። ይህን የሚለኝ ሰው ለአንድ ማኪያቶ ሃያ ደቂቃ ሲሰለፍ አውቀዋለሁ። መሙላቱ ራሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ዕቃ ማጓጓዣ መኪና የሚያከራዩት የዩ-ሆል ቦታዎች ብዙዎቹ ይሞላሉ፣ አንዳንድ የግንባታ ዕቃ መደብሮችና የካምፕ ቦታዎችም ይሞላሉ። ሌሊት አይሠሩም፤ ይህን እቀበላለሁ። የሌሊት ፈረቃ ሆናችሁ ዕሑድ ጠዋት ጋዝ ካለቀባችሁ ቀይሩ፣ አልፈርድባችሁም። መፍትሔው ሁለተኛ ታንክ መያዝ ነው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው አለ፣ ባዶው በተመቻችሁ ቀን ይሞላል።

መቀየር የሚጠቅምበት አንድ ጊዜ ግን አለ። ታንክ ዕድሜ አለው። አንገቱ ላይ የተሠራበት ወርና ዓመት ተቀርጿል፤ ከዚያ ቀን 12 ዓመት ካለፈውና እንደገና ተመርምሮ ማኅተም ካልተደረገበት ማንም አይሞላላችሁም። ያን ጊዜ ብልኅ ሁኑ፤ አሮጌውን ወስዳችሁ አንድ ጊዜ ቀይሩት። ግን የሚሰጣችሁን ሳታዩ አትቀበሉ። ቀኑን አንብቡ፣ ዝገቱን እዩ፣ ዕድሜው ገና የሆነውን መርጣችሁ ውሰዱ። ከዚያ በኋላ ያ ታንክ የእናንተ ነው፤ ዓመታት ታስሞሉታላችሁ።

ስንት እንደቀረው ለማወቅ ደግሞ ማወዛወዝ አያስፈልግም። የመታጠቢያ ቤት ሚዛን አላችሁ አይደል? ፆም ሲፈታ የምትሸሹት ያ ሚዛን። ታንኩን ጫኑበት። አንገቱ ላይ ቲ ደብልዩ ከሚሉት ፊደላት አጠገብ ያለው ቁጥር የባዶው ብረት ክብደት ነው፤ 17 ወይም 18 አካባቢ ነው። ቀንሱት። ሚዛኑ 32 ካለና ብረቱ 17 ከሆነ 15 ፓውንድ ጋዝ አለ። ከሽቦ ሳጥኑ አሁን የመጣውን ሞክሩትና ንገሩኝ።

እግረ መንገዴን፣ ይህችን ታክል ገንዘብ ለማትረፍ ብላችሁ ደግሞ ነፍሳችሁን እንዳታስይዙ። እነዚያ ለካምፕ የሚሸጡት ባለ 1 ፓውንድ አረንጓዴ ጠርሙሶች አሉ። ከኢንተርኔት ማገናኛ ገዝቶ ከትልቁ ታንክ የሚቀዳባቸው ሰው አውቃለሁ። የሚጣሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ሞልቶ በመኪና ማጓጓዝን የፌዴራል ሕግ እንደሚከለክል፣ ቅጣቱም እስከ 500,000 ዶላርና እስከ 5 ዓመት እስር እንደሚደርስ ራሱ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። በልኩ የተሠራ፣ ተመላልሶ የሚሞላ ባለ 1 ፓውንድ ጠርሙስ አለ፤ እሱን ግዙ። ካሊፎርኒያ ያላችሁማ ወደዳችሁም ጠላችሁም ልትለምዱት ነው፤ የሚጣለውን መሸጥ እዚያ ከጥር 1 ቀን 2028 ጀምሮ ይከለከላል።

ታንክ ቤት ውስጥ አይገባም። ባዶ ነው ብላችሁ የምታስቡትም አይገባም። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ወደ ታች ነው የሚፈሰው፣ ቤዝመንት ውስጥ ይተኛል። ቤዝመንት ውስጥ ደግሞ ማን እንደሚተኛ እናውቃለን፤ ገና የመጣው ወንድማችን ነው፣ ቪዛ ያገኘችው እናታችን ናት። ክረምት ላይ ጋራዡን ዘግታችሁ እንጀራ የምትጋግሩትም ስሙኝ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። አፓርታማ በረንዳ ላይ ግሪል የምታነዱትም የእሳት አደጋ ደንቡን አንብቡ፤ በብዙ ቦታ ከሕንፃው 10 ጫማ ካልራቀ አይፈቀድም። ታንኩን ስታጓጉዙ ቀጥ አድርጋችሁ አስራችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ በቀጥታ ወደ ቤት። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ትታችሁት ገበያ አትግቡ።

አንድ የነጂ ምክር ደግሞ፤ ከዲሲ ወደ ፊላደልፊያ ወይም ኒውዮርክ ለሽርሽር ታንክ ጭናችሁ የምትሄዱ፣ ባልቲሞር ላይ ሁለቱም ዋሻዎች፣ ሃርበርም ፎርት ማክሄንሪም፣ ከ10 ፓውንድ በላይ የሆነ የፕሮፔን ታንክ ይዞ ማለፍን ይከለክላሉ። ድሮ በኪ ብሪጅ እንዞር ነበር፤ ድልድዩ በመጋቢት 2024 ከወደቀ ወዲህ በ695 በምዕራብ በኩል ነው የሚዞረው። ካራቫን ተከራይታችሁ የምትሄዱም እንዲሁ፤ ታንኩ ከመኪናው ጋር ስለተገጠመ ረስታችሁ ዋሻው አፍ ላይ እንዳትደርሱ።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት በምክንያት ነው። የማኅበራችን ሽርሽር ኮሚቴ ስምንት ታንክ ለማስቀየር ገንዘብ እንዲፈቀድለት ጠይቋል። በላይኛው ዋጋ 192 ዶላር ነው፣ ለ120 ፓውንድ። ያንኑ 120 ፓውንድ ብናስሞላው 115 ዶላር አካባቢ ነው። 77 ዶላር ምን አላት የሚል አለ። ይህች 77 ዶላር ልጁን እዚህ ቀብሮ ለመሸኛ ከምንሰበስብለት ሣጥን ነው የምትወጣው፤ ሣጥኑ ውስጥ አሥርና ሃያ ዶላር እየከተቱ የሞሉት ደግሞ የሆቴል አልጋ የሚያነጥፉ እኅቶች ናቸው። ስድስት ታንክ ከበቃን ስምንት ለምን? ባለ 15 አስበው ነዋ! ስድስት ሙሉ ታንክ 120 ፓውንድ ነው። ስምንቱን ለመሸከም የሚላከው ልጅም ወገቡ ይረፍለት።

ስለዚህ ኮሚቴዎች፣ ገንዘቡን ገና አታውጡ። ጓሯችሁ ውስጥ ታንክ ያላችሁ አባላት የተሠራበትን ቀን ፎቶ አንስታችሁ በቡድኑ ላኩልኝ። ዕድሜው ያላለፈ ስድስት ካገኘሁ ሐሙስ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ራሴ ሁለት ሁለቱን እየወሰድኩ አስሞላለሁ፣ ደረሰኙን ለገንዘብ ያዧ እሰጣለሁ። የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛንም ይዤ እመጣለሁ፤ አንዱን ከሽቦ ሳጥኑ፣ አንዱን ከሞላሁት፣ ኮሚቴው ፊት እንመዝናለን።