የሌሊቱን ተራ ማን ይያዝ?

የሕክምና ተማሪዎች ስለ ስፔሻሊቲ ስንጨዋወት ቀድሞ የሚነሳው «ዲዩቲ የማይበዛበት የቱ ነው?» የሚለው ነው። የቆዳ ሕክምና ይወደዳል፤ ማህፀንና ጽንስ፣ ቀዶ ሕክምና ይፈራሉ። ዕረፍት መፈለግ ነውር አይደለም፤ ሰውነትም ቤተሰብም በኛ ላይ ሐቅ አላቸው።

ነገር ግን በ505 ሂጅሪያ ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሙዲን» በተባለው ኪታባቸው ሕክምናን ፈርድ ኪፋያ ብለውታል፤ ሰው ወደ ፊቅህ ብቻ ሲጎርፍ ሕክምና መዘንጋቱንም ነቅፈዋል። እኛም ሁላችን ወደ ቀን ሥራ ከጎረፍን፣ ከኮምቦልቻ ሪፈር ተብላ በሌሊት ዳገቱን ወጥታ ደሴ የምትደርስ ወላድ ማን ይቀበላታል?

ስለዚህ መጀመሪያ «ለአገሩ ሰው የጎደለው የቱ ሐኪም ነው?» ብለን እንጠይቅ። ብርታቱ ያለው ኒያውን አሳምሮ ይግባበት። ሌሎቻችን ደግሞ ሌሊቱን ያደረ ተረኛ በማግስቱ እንዲያርፍ አብረን እንሟገትለት።