ያገለገለ ኦቶሞቢል ስለ መምረጥ

ቤተ ሰቡን ይዞ ከላሊበላ ወደ ብልባላ ጊዮርጊስና ወደ ብልባላ ቂርቆስ ለሚሄድ ሰው ከኦቶሞቢሉ ቀለም ይልቅ አጥንቱ ይጠቅመዋል። ስለዚህ ያገለገለ ገዝቶ ለዳገት ሊያሰናዳው የሚያስብ አባወራ አስቀድሞ ጐንበስ ብሎ ሻንሲውን ይመልከት። ጎማና ባሌስትራ በገንዘብ ይለወጣል፤ የተጣመመ ሻንሲ ግን የሚጨመርበትን ወጪ ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 70 ለእንዲህ ያለው መንገድ የተመረጠው፥ አካሉ በጠንካራ ሻንሲ ላይ ስለ ተቀመጠ፥ የፊትና የኋላ አክሰሉም ወጥ ስለ ሆነ ነው።

ቀጥሎም ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ተነሥቶ ይታይ፤ አራቱን ጎማ የሚያስጐትተው ማርሽ በዳገት፥ ፍሬኑም በቍልቍለት ይፈተን፤ የሻንሲው ቍጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ሻጩ ይህን ሁሉ ለማሳየት ቢያመነታ፥ ገዢው ገንዘቡን ይዞ ይመለስ። ከዋጋው የተቈጠበ ብር በገደል አፋፍ ላይ ልጆችን አያድንምና።