የሰው ወርቅ አያደምቅ

ልብስ ከአንደበት ቀድሞ ይናገራል። አንድ ሰው ከሩቅ ሲመጣ፥ ድምፁን ገና ሳንሰማ፥ ካህን ወይም ወታደር፥ ሙሽራ ወይም ሐዘንተኛ መሆኑን የምናውቀው በልብሱ ነው። ይህ በመንገድ ላይ እውነት ከሆነ በትያትር መድረክ ላይ ይልቁንም እውነት ነው። መጋረጃው ሲገለጥ ንጉሡ አንድ ቃል ሳይናገር ንጉሥነቱ ይታወቃል፤ ድኻውም ሳይለምን ድኽነቱ ይታያል። ለዚህም ሦስት ሰዎች ይደክማሉ፤ ደራሲው በብዕሩ፥ ተዋናዩ በድምፁ፥ ልብስ ሠሪው በመርፌው። ለሁለቱ ይጨበጨብላቸዋል። ሦስተኛው ግን ከመጋረጃው በስተኋላ ተቀምጦ ክር ይቈርጣል፤ ስሙንም የሚጠይቅ የለም። ነገሩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ በታገሥሁት ነበር። ነገር ግን ሰውየው ከመረሳቱም በላይ ይናቃል፥ ይዘበትበታል። የዛሬው ክርክሬ ከዚህ ንቀት ጋር ነው።

እኔ የምኖረው በሳሪስ ነው። ሳሪስ ወደ ቃሊቲና ወደ አቃቂ በሚያወርደው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ያለ፥ ጋራዥና መጋዘን፥ ፋብሪካም የበዛበት ሰፈር ነው። ጋራዥ ባለበት አሮጌ ከመነዳሪ አይጠፋም፤ መጋዘን ባለበት ካርቶንና ጆንያ ይጣላል፤ ልብስ ሰፊ ባለበት ቍርጥራጭ ጨርቅ ይተርፋል። በሰፈራችን ያሉ አንዳንድ ወጣቶች ይህን የተጣለ ነገር እየለቀሙ ለተማሪ ቤት ትያትር፥ ለዐድዋ በዓል፥ አንዳንድ ጊዜም በሲኒማ ያዩትን ጀግና ለመምሰል ልብስ ይሠራሉ። እኔም ሲሠሩ ቆሜ ያየሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህን ሥራ ላላየ ሰው ጥቂት ልግለጽ። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወጣት ስለ ዐድዋ ለሚታይ ትያትር የአንድ የጦር አለቃ ልብስ ለመሥራት ተነሣ። ለጋሻው ቅርጽ ማውጫ እንዲሆነው የእናቱን የመሶብ ክዳን ተዋሰ። በክዳኑ ላይ ላስቲክ አልብሶ፥ በውሃ የራሰ ካርቶን በዱቄት ሙጫ እያነባበረ ለጠፈበት። ካርቶኑ ሲደርቅ ክዳኑን አውጥቶ ለእናቱ መለሰ፤ ካርቶኑም የጋሻን ቅርጽ ይዞ ቀረ። በላዩ ከመነዳሪ ቈርጦ በማስቲሽ አለበሰው፤ ጐማው ጥቍር ስለ ሆነ ከርቀት ሲያዩት ቆዳ ይመስላል። በብር የተለበጠ እንዲመስልም የዘይት ጣሳ በቀጫጭኑ እየቈረጠ፥ እጅ እንዳይበላ ጠርዙን እያጠፈ፥ በጋሻው ላይ በሽቦ አሰረው።

ከጋሻው ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ጎፈሩ ነበር። ቃጫ ገዝቶ አበጠረና ከፊሉን በሻይ፥ ከፊሉን በቡና አፍልቶ ቀለም አገባው፤ የአንበሳ ጋማ አንድ ወጥ ቀለም የለውምና። ቀጥሎም ቃጫውን በትንንሽ እስር እየከፈለ በቆቡ ላይ ከታች ወደ ላይ ደራርቦ ሰፋው። ከላይ ጀምሮ ቢሆን ቋጠሮው ሁሉ በግልጥ በታየ ነበር። ይህን ማን እንዳስተማረው ብጠይቀው፥ ገጠር ሳለ ሣር ቤት ሲከደን አይቶ እንደ ሆነ ነገረኝ። ከሣር ቤት ከዳኝ የአንበሳን ጋማ አሠራር የተማረ ልጅ፥ ዐይኑም ልቡም የነቃ ነው።

እንዲህ ያለው ልጅ ምስጋና ይገባው ነበር። የገጠመው ግን ሌላ ነው። ጎረቤቱ «ጨርቅ ለቃሚ» ብሎ ጠራው። ዘመዱ «ይህን ያህል ዘመን የተማርኸው ቃጫ ለማበጠር ነውን?» አለው። ባልንጀሮቹም ሳቁበት። ልጁ ዐፈረ፤ ጎፈሩንም ግማሽ እንደ ሆነ ጣለው። ለትያትሩ ቀን ልብሱ በኪራይ መጣ፤ የሚያብለጨልጭ ካባ፥ የፕላስቲክ ጋሻ፥ ለማንም ራስ የማይበቃ ወይም ከማንም ራስ የሚሰፋ ጎፈር። የጦር አለቃው በዐድዋ የወደቁትን ጓደኞቹን እያነሣ በሚያለቅስበት ሰዓት ጎፈሩ ተንሸራትቶ ዐይኑን ሸፈነው፤ ተመልካቹም በሳቅ ፈነዳ። ስለ ሙታን ሊታዘን በተገባበት ሰዓት መሣቅ የሰፈሩ ምላስ ያመጣው ዕዳ ነው። የተከራዩት ልብስ የተሠራው ለማንም ነው፤ ለማንም የተሠራም ለአንዱ አይሆንም። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ይህን ዐውቀው ነው።

ይህን ሥራ የሚነቅፉ ሰዎች ሦስት ነገር ያነሣሉ። እያንዳንዱን በተራው እንመልከት።

አንደኛ፥ «የሥራ ፈት ጨዋታ ነው» ይላሉ። ግራና ቀኙ እንዲተካከል መለካት፥ ጠፍጣፋው ካርቶን ቆብ እንዲሆን የት ላይ እንደሚቀደድ ማስላት፥ ሙጫው እስኪደርቅ መታገሥ፥ የተበላሸውን ፈትቶ እንደ ገና መጀመር፥ እነዚህ የሥራ ፈት ጠባዮች ናቸውን? እውነቱን ብንናገር ይህ ንቀት አዲስ አይደለም። አገራችን ማረሻዋን የሚሠራላትን «ቀጥቃጭ»፥ ቆዳዋን የሚያለፋላትን «ፋቂ» እያለች፥ ሸማ የሚያለብሳትንም ሸማኔ በሙያው እያዋረደች ብዙ ዘመን ኖራለች። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ እጅግ ቢከፋ ነው። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ስሙን ለውጦ ዛሬም በየሰፈሩ ይዞራል። የጥንቱ ሰው በሸማው እየደመቀ ሸማኔውን ይሰድብ ነበር፤ የዛሬውም በትያትሩ እየተደሰተ የትያትሩን ልብስ ሠሪ ይሰድባል።

ሁለተኛ፥ «ያልሆኑትን መምሰል ሐሰት ነው» ይላሉ። ሐሰት ማለት ሰውን ለማታለል እውነትን መሸሸግ ነው። ተዋናዩ ንጉሥ አለመሆኑን ግን ተመልካቹ ሁሉ ያውቃል፤ ትያትሩ ሲያልቅ ካባውን አውልቆ በታክሲ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንግዲህ ማንን አታለለ? አታላይስ በብድር ሰርግ ደግሶ ባለጸጋ መስሎ የሚታየው፥ ዋጋውን ባልከፈለበት ሙሉ ልብስ በሰው ፊት የሚንጐራደደው ነው፤ እርሱ ያን ልብስ በሰው ፊት አያወልቀውምና። በአማርኛ ትያትር መጀመሪያ የሆነው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ድርሰት የአውሬዎች ተረት ነበር። ደራሲው አውሬዎችን በመድረክ ያናገሩት ሰውን ለማሳት አልነበረም፤ በግልጥ ለመናገር የሚያስቸግረውን የአስተዳደር ጕድለት በአውሬ አፍ ለማሰማት ነው እንጂ። መልእክቱም ስለ ገባ ትያትሩ ታገደ።

በምልክት ማስተማር ለአገራችን እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ሩቅ ሳንሄድ ከሰፈራችን እንይ። የሳሪስ አቦ ጻድቅ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሥዕል የሚታዩት ሰውነታቸው በጠጕር ተሸፍኖ፥ አንበሶችና ነብሮች በአጠገባቸው ሆነው ነው። ፊደል ያልቈጠረች አሮጊት እንኳ ሥዕሉን አይታ «አቦዬ» ትላለች እንጂ የማን ነው ብላ አትጠይቅም። ሠዓሊው የጠጕሩን ልብስ ቢተወው ሥዕሉ የማንኛውም ሽማግሌ በሆነ ነበር። ልብስ በሥዕልም በመድረክም እንዲህ ያለ ሥራ አለው።

ሦስተኛ፥ «የፈረንጅ ሲኒማ ወሬ ነው» ይላሉ። በአሜሪካ በጥቅምት 21 ቀን፥ ሃሎዊን በሚሉት በዓል፥ ልጆችም ዐዋቂዎችም ልዩ ልዩ ልብስና ጭንብል ይለብሳሉ፤ በእኛም ከተማ ይህን የሚከተሉ አይጠፉም። በዓሉ የእኛ አለመሆኑ ግልጥ ነው፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ከሱቅ የተገዛ ጭንብል ሳይለፉበት ማጥለቅ ነው። ፈረንጁን ሊከተል የሚወድ ሰው ጭንብሉን ትቶ ትጋቱን ይከተል። በ2010 ዓ.ም. የታየውን ብላክ ፓንተር የተባለውን ሲኒማ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የዚያን ሲኒማ ልብስ ያዘጋጀችው ሩት ካርተር የምትባል ጥቍር አሜሪካዊት ናት፤ በዚህም ሥራዋ በ2011 ዓ.ም. የኦስካር ሽልማት አገኘች። በልብስ ዝግጅት ይህን ሽልማት ከእርሷ በፊት ያገኘ ጥቍር ሰው አልነበረም። እርሷም የሶቶን ብርድ ልብስ፥ የዙሉን ሴቶች ቆብ፥ የማሳይን ጌጥ እያጠናች አሠራች። በዚያው ሲኒማ አንድ ሽማግሌ በከንፈሩ ሸክላ አድርጎ ይታያል፤ ይህም የተወሰደው ከእኛው አገር ከኦሞ ወገን፥ ከሙርሲና ከሱሪ ሕዝብ ነው።

እዚህ ላይ ልብ እናድርግ። በሙርሲና በሱሪ ዘንድ በከንፈራቸው ሸክላ የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው፤ በሲኒማው ግን ለወንድ ተደረገ። ሲኒማው ምናባዊ አገር የሚያሳይ ስለ ሆነ ይህን ማድረግ ይችላል፤ ነገር ግን ልዩነቱን አይቶ ለባልንጀራው ማስረዳት የነበረበት ኢትዮጵያዊው ወጣት ነበር። ስንቱ አስተዋለው? አብዛኛው ሰው ሸክላውን ከአሜሪካ የመጣ አዲስ ነገር አድርጎ አደነቀ። የራሱን አገር ልብስ ሠርቶ የማያውቅ ሰው፥ ሌላው ሲወስደው ቀርቶ ሲለውጠውም አያውቅ። እንግዲህ ልብስ ሠሪውን በሰደብን ቍጥር የምናባርረው አንድ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ስለ ራሳችን የምናውቀውንም አብረን እናባርራለን።

ወጣቶች ሆይ፥ እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ እናንተ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ለእናንተ እናገራለሁ። የሚንቋችሁን መቃወም ብቻ አይበቃም፤ ሥራችሁ ራሱ ንቀትን የሚያሳፍር ይሁን።

ከሁሉ በፊት ከብልጭልጭ ይልቅ እውነትን ውደዱ። ጎፈር ጀግንነት ላሳየ ሰው የክብር ምልክት ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከተዋጋው ሕዝብ አብዛኛው ግን በጥጥ ልብስና በባዶ እግሩ የሄደ ገበሬ ነው። በመድረክ የምታወጡትን ዘማች ሁሉ ጎፈር ብታለብሱት ያን ባለ ባዶ እግር ገበሬ ሁለተኛ ገደላችሁት ማለት ነው። የገበሬውን ልብስ መሥራት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። በፀሐይ የነጣ፥ በአቧራ የቀላ፥ ትከሻው ላይ በስንቅ ሸክም የሳሳ ጨርቅ ከሱቅ አይገኝም፤ አጥቦ፥ አሽቶ፥ አፈር ነስንሶ፥ በድንጋይ ፈትጎ መሥራት ያስፈልጋል። ዐፄ ቴዎድሮስም ብዙ ጊዜ ተራ ልብስ ይለብሱ እንደ ነበር ያዩአቸው የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። እርሳቸውን በወርቅ ዘርፍ አስጊጦ የሚያወጣ ሰው ከካባ ነጋዴው ይስማማ እንደ ሆነ እንጂ ከታሪክ አይስማማም።

ቀጥሎም መርምሩ። አምስት ኪሎ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም የነገሥታትንና የመኳንንትን አልባሳት ታገኛላችሁ። እጅጌው ምን ያህል እንደሚሰፋ፥ ጥልፉ ከየት እንደሚጀምር ልብ ብላችሁ እዩ። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌይቱ እንደ ነበረ የሚነገርለት፥ በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ግን በዚህ አገር የለም። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ከተዘረፈው ዕቃ ጋር ሄዶ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት በሚባለው ሙዚየም ይገኛል፤ በ2010 ዓ.ም.ም ለሕዝብ ታይቷል። እኛ ጨርቅ ብለን የምንንቀውን ሌላው በመስተዋት ውስጥ አኑሮ ይጠብቀዋል። ቀሚሱ እስኪመለስ ድረስ ጥልፉን በዚህ አገር የሚያቆየው፥ ቆጥሮና ለክቶ እንደ ገና የሚጠልፈው እጅ ነው።

ትንሹንም ነገር አትናቁ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው ኦቴሎ የተባለው ትያትር ታሪኩ የሚዞረው በአንዲት መሐረብ ነው። ያች መሐረብ ከኋላ ወንበር የማትታይ ብትሆን ተመልካቹ ባልየው ስለ ምን እንደ ቀና አይገባውም። አንዲት ቍራጭ ጨርቅ የሰው ሕይወት የምታጠፋበት ትያትር ካለ፥ ጨርቅ ሠሪውን ማን ትንሽ ይለዋል?

ለወላጆችና ለመምህራንም አንድ ቃል አለኝ። የዛሬው ብሔራዊ ትያትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት የታየው የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ድርሰት «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። የደራሲውን ስም ሁላችንም እንጠራለን፤ የንጉሥ ዳዊትን ልብስ የሰፋውን ግን ማን ይጠራዋል? ይህ ልማድ ከእናንተ ተማሪ ቤት ይቁም። በትያትሩ ማስታወቂያ ወረቀት ላይ ከተዋናዩ ስም ቀጥሎ የልብስ ሠሪው ስም ይጻፍ። ለኪራይ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለመቀስ፥ ለመርፌና ለቃጫ ይዋል፤ ልጆቹም የሚሠሩበት አንድ ጠረጴዛ ይሰጣቸው። ወላጅም ልጁ ካርቶን ሲቈርጥ ቢያየው ከመሳደቡ በፊት ምን እንደሚሠራ ይጠይቀው፤ ምናልባት የመሶቡን ክዳን ማዋስ ብቻ ይበቃው ይሆናል።

የሰው ወርቅ ለአንድ ምሽት ተከራይተው ቢያጠልቁት ሲነጋ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ በእጅ የተሠራው ግን ልብሱ ቢያረጅ እንኳ ሙያው ከሠሪው ጋር ይኖራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ ቃጫም በብልህ እጅ ሲያብር አንበሳ ይሆናል። በሳሪስ የተጣለው ያ ግማሽ ጎፈር አንሥቶ የሚጨርሰው ልጅ ይሻል፤ ልጁም የማይሰድበው ሰፈር ይሻል።