የፍጥነት መለኪያ ስሕተት ከምንጩ ይታረም

በእንግሊዝ አገር ባለቤቱ በቤቱ የሚገጣጥመው አውቶሞቢል የቆየ የንግድ ዕቃ ነው። ሎተስ የተባለው ፋብሪካ በ1957 (እ.ኤ.አ.) «ሰቨን» የተሰኘችውን ትንሽ መኪና ሲያወጣ ብዙ ገዢዎች ተነጣጥላ ሳለች ይወስዷት ነበር፤ ተገጣጥሞ በተሸጠ መኪና ላይ የሚጣለው የግዢ ቀረጥ በተነጣጠለው ላይ አይደርስምና። በ1973 (እ.ኤ.አ.) የተጨማሪ እሴት ታክስ ያንን ቀረጥ ሲተካ ይህ ጥቅም ቢቀርም፣ መኪናን በቤት የመሥራቱ ልማድ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ከልማዱ ጋር አብሮ የዘለቀ አንድ ችግርም አለ፤ እርሱም የፍጥነት መለኪያው ትክክለኛውን አለማሳየቱ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ቢመስልም፣ ያረጀ መኪና ከልዩ ልዩ ዐይነት በተገኘ መለዋወጫ በሚጠገንበት ገበያ ሁሉ የሚደርስ ስለ ሆነ፣ አስመጪውንም ባለ ሱቁንም ይነካል።

የችግሩ ምንጭ ግልጽ ነው። ካምቢዮው ከአንድ መኪና፣ ዲፈረንሻሉ ከሌላ፣ ቸርኬና ጎማው ከሦስተኛ፣ መለኪያው ደግሞ ከአራተኛ ይመጣል። እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ጉድለት የለበትም፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው ስለማይተዋወቁ ድምራቸው ሐሰት ይሆናል።

የመለኪያውን አሠራር ማወቅ መድኀኒቱን ለማወቅ ይረዳል። ከካምቢዮው ጀርባ የሚነሣ ተጣጣፊ የሽቦ ገመድ እየተሽከረከረ በመለኪያው ውስጥ ያለውን ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ ሳይነካው በአጠገቡ ያለውን የአሉሚኒየም ጽዋ ይጎትተዋል፤ ቀጭን ሞላም ጽዋውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ ቀስቱ በሁለቱ ኀይሎች መካከል ይቆማል። ጀርመናዊው ኦቶ ሹልትሰ የዚህን ዐይነት መለኪያ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው በ1902 (እ.ኤ.አ.) ነበር። የኪሎ ሜትሩ ቆጣሪ ግን ማግኔትም ሞላም አያሻውም፤ ያው ገመድ በጥርሶች አማካይነት በቀጥታ ያዞረዋል። እንግዲህ ገመዱ አንድ ሲሆን፣ በእርሱ የሚሠሩት ሁለት መሣሪያዎች ናቸው።

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቀስቱ አብዝቶ ሲያሳይ ቀስቱን ነቅለው ዝቅ አድርገው ይተክሉታል፤ ወይም ሞላውን ያጠብቃሉ፤ ወይም በመለኪያው ገጽ ላይ አዲስ ቁጥር ይጽፋሉ። ይህ ዐይንን ሊያሳርፍ ይችል ይሆናል፤ ቆጣሪው ግን እንደ ቀድሞው መሳሳቱን ይቀጥላል። ለአንድ ኪሎ ሜትር 1,000 ዙር እንዲቀበል የተሠራ መለኪያ 900 ዙር ብቻ የሚሰጥ ገመድ ቢገጠምለት፣ 50,000 ኪሎ ሜትር የሄደው መኪና 45,000 ብቻ ያሳያል። ገዢው ያላየውን 5,000 ኪሎ ሜትር ድካም በገንዘቡ ይገዛል። ዘይት የሚለወጥበትም ጊዜ ያልፋል። ቀስቱ ካልተነካ ደግሞ በ80 የሚሄደው ሾፌር 72 እያነበበ ሕግ ይጥሳል። ገመዱ 1,100 ዙር ቢሰጥ ግን ጉዳቱ ወደ ሻጩ ይዞራል፤ 50,000 የሄደው 55,000 ይባላልና።

«ጥቂት ቢያበዛ ምን ይጎዳል? ሕጉም ይፈቅዳል» የሚሉ አይጠፉም። እውነት ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ቁጥር 39 ደንብ ቀስቱ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ከልክሎ፣ ወደ ላይ ግን ከፍጥነቱ አንድ ዐሥረኛና 4 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲያልፍ ይተዋል። ይህም ማለት በ80 ሲኬድ እስከ 92 ቢያሳይ ያልፋል። ሆኖም ይህ ለሾፌሩ ደኅንነት ለቀስቱ የተሰጠ ፈቃድ እንጂ፣ ዋጋ በሚተመንበት ቆጣሪ ላይ ለሚያመቻምች ነጋዴ የተሰጠ ምክንያት አይደለም።

ትክክለኛው እርማት በመቁጠር ይጀምራል። ጎማው በሚገባ ተነፍቶ፣ ገመዱ ከመለኪያው ይነቀልና በጫፉ ላይ ትንሽ የወረቀት ምልክት ይደረግበታል። መኪናው 20 ሜትር በቀጥታ ተገፍቶ ምልክቱ 22 ጊዜ ቢዞር፣ በኪሎ ሜትር 1,100 ዙር ማለት ነው። ይህ ቁጥር በብዙ መለኪያዎች ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ከተጻፈው ጋር ይነጻጸራል። ልዩነት ካለ፣ ገመዱን የሚያዞረውን ትንሽ ፒኞን በሚስማማ የጥርስ ቁጥር መለወጥ፣ ይህ ካልተገኘም ዙሩን የሚቀንስ ወይም የሚጨምር ትንሽ የጥርስ ሳጥን በገመዱ መነሻ ላይ መግጠም ይገባል። በዚህ ምሳሌ 11 ዙር ተቀብሎ 10 የሚሰጠው ቀስቱንም ቆጣሪውንም በአንድ ጊዜ ያቀናል። ቆጣሪው ልክ ሆኖ ቀስቱ ብቻ የሚሳሳት ከሆነ ግን፣ ጥፋቱ የማግኔቱ ወይም የሞላው ነውና ለመለኪያ ጠጋኝ ይተው።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ገበያ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ብዙ ወዳጅ ያላት አሮጌዋ ቮልስዋገን የመለኪያዋን ገመድ የምታዞረው በፊት ግራ ጎማዋ ነው፤ ስለዚህ ለዚያ ጎማ መጠኑ የተለየ ጎማ የሸጠ ባለ ሱቅ ሳያስበው የመኪናዋን ቆጣሪ ለውጧል።

ስለዚህ መለኪያ የሚሸጥ ሰው ገጹ ላይ ያለውን የዙር ቁጥር ለገዢው ያሳይ፤ የጎማውንም መጠን ይጠይቅ። አስመጪውም ከመለኪያው ጋር ፒኞኑን አብሮ ያምጣ። ዋጋው ትንሽ ነው። ሚዛኑ የተዛባበት ነጋዴ ሚዛኑን ያስተካክላል እንጂ ቁጥሩን አይፍቅም፤ የመንገድ ሚዛን የሆነው ቆጣሪም የሚገባው ይኸው ነው።