ሥራውን የሠራው ማን ነው? ስሙስ ለማን ተሰጠ?

ባለፈው ቅዳሜ በአንድ ወዳጃችን ቤት ምሳ ተጋብዘን ነበር። ማዕዱ ተነሥቶ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስንጨዋወት የቤቱ ጌታ ታናሽ ልጅ ከውጭ ገባና እጅ ነሥቶ በአጠገባችን ተቀመጠ። በለበሰው ካናቴራ ደረት ላይ ረጅም ምላሱን ያወጣ ቀይ አፍ ተሥሎ ስላየን «ልጄ፤ ይህ አፍ ምላሱን የሚያወጣው በማን ላይ ነው?» ብለን በጨዋታ ጠየቅነው። ልጁም ሣቅ ብሎ፤ ሥዕሉ ሮሊንግ ስቶንስ የሚባሉት ሙዚቀኞች ዓርማ መሆኑን፤ የሣለውም አንዲ ዋርሆል የተባለው ዝነኛ የአሜሪካ ሠዓሊ መሆኑን ነገረን። ታላቅ እኅቱ ግን ይህን ስትሰማ «አይደለም! የሣለውስ ስሙ ያልታወቀ አንድ የእንግሊዝ ተማሪ ነው» ብላ ተከራከረችው። ክርክሩ እየጠነከረ ሲሄድ አባታቸው «ማንስ ቢሥለው እናንተን ምን ቸገራችሁ? ሥዕሉ እንደ ሆነ ተሥሏል» ብሎ ዝም አሰኛቸው።

ወዳጃችን ይህን የተናገረው ክፉ አስቦ አይደለም። ነገር ግን «ማንስ ቢሠራው ምን ቸገራችሁ» የሚለው ቃል ብዙ ሠራተኛ ያሳዘነ ቃል ስለ ሆነ፤ ከግብዣው ከተመለስን በኋላ ነገሩን መርምረን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሮሊንግ ስቶንስ፤ ትርጓሜውም የሚንከባለሉ ድንጋዮች ማለት ነው፤ በ1962 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ የተቋቋመ የሮክ ሙዚቃ ጓድ ነው። እነዚህ ሙዚቀኞች ዴካ ከሚባለው የሸክላ ኩባንያ ጋራ የነበራቸው ውል በ1970 ዓ.ም. ስለ ተፈጸመ የራሳቸውን የሸክላ ኩባንያ ለማቋቋም ቈረጡ። የራሱን ዕቃ ለገበያ የሚያቀርብ ሁሉ ደግሞ ዕቃው ከሌላው የሚለይበት ምልክት ያስፈልገዋልና እነርሱም ዓርማ የሚሠራላቸው ሰው መፈለግ ጀመሩ።

በዚያው ዓመት የጓዱ ጽሕፈት ቤት በሎንዶን ወደሚገኘው ወደ ንጉሣዊው የጥበብ ኮሌጅ ልኮ፤ ለኤውሮፓ ጕዟቸው የግድግዳ ማስታወቂያ የሚሠራ አንድ ተማሪ እንዲመረጥለት ጠይቆ ነበር። የተገኘውም ጆን ፓሽ የሚባል በ1945 ዓ.ም. የተወለደ ወጣት ነው። የጓዱ ዋና ዘፋኝ ሚክ ጃገር የልጁን ሥራ አይቶ ስለ ወደደው፤ ከማስታወቂያው በኋላ ዓርማውን እንዲሠራ እርሱኑ አዘዘው። ጃገር ለምሳሌ እንዲሆነው የሕንዶችን አምላክ የካሊን ሥዕል አሳየው፤ ካሊ ምላሷን አውጥታ የምትሣል ናት። ወጣቱ ግን የሕንድን ሥዕል እንዳለ መቅዳት አልፈለገም፤ ያን ጊዜ የሕንድ ነገር ሁሉ እንደ ፋሽን የሚታይበት ዘመን ስለ ነበረ፤ ፋሽኑ ሲያልፍ ዓርማውም አብሮ እንዳያረጅ አሰበ። ስለዚህ ከሥዕሉ ውስጥ አፉንና ምላሱን ብቻ መርጦ በራሱ እጅ፤ በራሱ አሣሣል አዲስ ነገር አደረገው። ምላስ ማውጣት በየአገሩ ልጆች ታላላቆቻቸውን የማይፈሩ መሆናቸውን የሚያሳዩበት ምልክት ስለ ሆነ፤ ለሽማግሌ ደንብ አንገዛም ይሉ ለነበሩት ለነዚያ ሙዚቀኞች ጠባይ የተስማማ ሆነ። ለዚህም ሥራው የተከፈለው ደመወዝ 50 ፓውንድ ነበር።

እንግዲህ የዚያች ልጅ ንግግር ከወንድሟ ንግግር ይልቅ ወደ እውነት የቀረበ ነው። ነገር ግን እርስዋም ብትሆን «ስሙ ያልታወቀ» ማለቷ ልክ አይደለም። ስም አለው፤ ጆን ፓሽ ይባላል።

ታዲያ የዋርሆል ስም ከዚህ ሥዕል ጋራ እንዴት ተያያዘ ያሉ እንደ ሆነ፤ ነገሩ እንዲህ ነው። ዓርማው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የታየው በሚያዝያ ወር 1971 ዓ.ም. ስቲኪ ፊንገርስ የሚባለው ሸክላ በወጣ ጊዜ ነው። የሸክላው ማኅደር የሱሪ ፎቶግራፍ ያለበትና በላዩም የሚከፈትና የሚዘጋ እውነተኛ ዚፕ የተተከለበት ስለ ነበረ ያየውን ሁሉ አስገርሟል። ይህን ማኅደር ያሰበው በእርግጥ አንዲ ዋርሆል ነው። ሰውም ማኅደሩንና ዓርማውን ባንድነት ስላየ፤ ማኅደሩን ያሰበ ዓርማውንም ሣለ ብሎ ገመተ። ትልቅ ወንዝ የገባሮቹን ውሃ ከተቀበለ በኋላ ሁሉም በእርሱ ስም እንደሚጠራ፤ የታወቀ ሰው ስምም በአጠገቡ ያሉትን የትናንሾቹን ሥራ እንዲህ ይወስዳል። የሚያሳዝነውም ወንዙ ሳይናገር ባለ ወሬው ሁሉ ስለ እርሱ መናገሩ ነው።

ክርክሩ ግን በዚህ ብቻ አላበቃም። በኒው ዮርክ ከተማ የዚያን ሸክላ ማኅደር ያዘጋጀው ክሬግ ብራውን የሚባል የንድፍ ባለሙያ ነበር። ለሥራው ከሎንዶን የደረሰው የዓርማው ቅጂ ትንሽና ጥራት የሌለው ስለ ነበረ፤ አስጐልቶ እንደ ገና አስሣለው። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ የወጣው ምላስ እንግሊዝ አገር ከተሣለው ጥቂት ረዘም ያለና ነጫጭ የብርሃን መሥመሮች የተጨመሩበት ሆነ። ብራውንም በዚህ ሥራ የእርሱ ድካም እንዳለበት ተናግሯል። ሌሎችም በአሜሪካ የሚኖሩ ሠዓሊዎች በየጊዜው እየተነሡ እጃችን አለበት ብለዋል።

እኛ ዳኞች አይደለንም። ቢሆንም በእንዲህ ያለ ክርክር ነገሩን ለያይቶ ማየት የሚጠቅም ይመስለናል። ቤት የሚያሠራ ሰው «እንዲህ ያለ ቤት ሥሩልኝ» ብሎ ያዛል፤ ግንበኛው ይሠራል፤ ከዚያም ሌላ መጥቶ ግድግዳውን ይለስናል፤ ቀለምም ይቀባል። ላዘዘው የማዘዙን፤ ለሠራው የመሥራቱን፤ ለለሰነውም የመለሰኑን መስጠት ማንንም አይጐዳም። የካሊን ሥዕል ያሳየ ጃገር ነው፤ ዓርማውን የፈጠረ ፓሽ ነው፤ ለአሜሪካው እትም ያስተካከለው ብራውን ነው። ዋርሆል ግን በሩ ያማረለት ጐረቤት ነው፤ የራሱ በር የተመሰገነለት ሰው የጐረቤቱን ቤት ደግሞ ሠራ መባል አያስፈልገውም።

አሁን ደግሞ የገንዘቡን ነገር እንመልከት። ዓርማው ከሸክላው አልፎ በካናቴራ፤ በግድግዳ ማስታወቂያና በልዩ ልዩ ዕቃ ላይ እየታተመ በዓለም ሁሉ ተሸጠ። ሙዚቀኞቹ ሠዓሊውን ፈጽመው አልረሱትም፤ በ1972 ዓ.ም. ሌላ 200 ፓውንድ ጨመሩለት፤ በ1976 ዓ.ም. ደግሞ ከዓርማው ሽያጭ ድርሻ የሚያገኝበት ውል ተጻፈለት። ኋላም በ1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የባለቤትነት መብቱን በ26000 ፓውንድ ለጓዱ ሸጠ። እንግዲህ ሥራው የተሠራው በ1970 ሲሆን ውሉ የተጻፈው ከስድስት ዓመት በኋላ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ውል ከሥራ በፊት ቢጻፍ ለሁለቱም ወገን የተሻለ ነበር።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ የሆነ ሌላ ነገር ከዚህ ጋራ ይመሳሰላል። በ1971 ዓ.ም. በፖርትላንድ ትማር የነበረች ካሮሊን ዴቪድሰን የምትባል ተማሪ፤ ዛሬ ናይኪ ለሚባለው የጫማ ኩባንያ በዓለም የታወቀውን ምልክት ሠርታ 35 ዶላር ተቀበለች። ኩባንያው ከበለጸገ በኋላ ግን ባለቤቶቹ በ1983 ዓ.ም. እርስዋን ጠርተው ቀለበትና የኩባንያውን አክሲዮን ሰጡ። ዘግይቶም ቢሆን የሠሪን ውለታ መመለስ ከሰጪው ክብር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ዛሬ ያ ታሪክ ሲነገር ከኩባንያው ጋራ የዚያች ተማሪም ስም አብሮ ይነገራል።

ወደ ፓሽ ስንመለስ፤ ክርክሩን ከሁሉ ይልቅ ያበረደው ነገር ራሱ በእጁ የሣለበት የመጀመሪያው ወረቀት አለመጥፋቱ ነው። ይህን ወረቀት በ2008 ዓ.ም. በአሜሪካ በሐራጅ ሲሸጥ የሎንዶኑ የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር በ92500 ዶላር ገዛው፤ የገንዘቡንም እኩሌታ አርት ፈንድ የተባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ረድቷል። ስለዚህ በ50 ፓውንድ የተሠራው ሥዕል ባሕር ተሻግሮ ተመልሶ፤ ፓሽ ከተማረበት ኮሌጅ ብዙ በማይርቅ ቤት ውስጥ ከታላላቆች ሠዓሊዎች ሥራ ጋራ ተቀመጠ። በመዝገቡም የተጻፈው የዋርሆል ስም ሳይሆን የጆን ፓሽ ስም ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው የአባቶች ቃል በባሕር ማዶም ይሠራል ማለት ነው። ነገር ግን ለፓሽ እስኪነጋለት ድረስ ብዙ ዓመት አልፏል፤ ወረቀቱ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምን ያህል ይዘገይ እንደ ነበረ ማን ያውቃል?

ከዚህ በኋላ ወደዚያ ቤት እንመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን በእውነቱ የልጆቹ ክርክር ብቻ አይደለምና። ቡናው ቀርቦ ሳለ ከእንግዶቹ አንዲቱ ወይዘሮ በጠረጴዛው ልብስ ላይ የተጠለፈውን አበባ አይታ አደነቀች። የቤቱ እመቤትም ደስ ብሏት «የልጄ እጅ ሥራ ነው» አለችና ቅድም ስለ ተማሪው የተከራከረችውን ልጅ አመለከተች። እንግዶቹ ሁሉ ልጅቱን አመሰገኑ። እርስዋ ግን ፊቷ ቀላ፤ ጥቂትም ዝም ካለች በኋላ «እማዬ፤ የጀመርሁትስ እኔ ነኝ፤ አበባውን የነደፈችውና የጨረሰችው ግን እርስዋ ናት» ብላ ቡናውን ትቀዳ ወደ ነበረችው አገልጋይ ልጅ አመለከተች።

በቤቱ ውስጥ ጸጥታ ሆነ። ልጅቱም ሲኒውን እንደ ያዘች አንገቷን ደፋች። እኛም ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ ብሎን አፈርን፤ በዚያ ቤት ብዙ ጊዜ ከእጇ ቡና ተቀብለን ጠጥተናል፤ ስሟን ግን አንድ ቀን ጠይቀን አናውቅም ነበር። የቤቱ እመቤት ግን አስተዋይ ሴት ናትና አልተቈጣችም፤ ልጅቱን ወደ ጠረጴዛው ጠርታ በእንግዶቹ ሁሉ ፊት «እጅሽ ይባረክ» አለቻት። የቤቱም ጌታ «እንግዲያስ ማን እንደ ሠራው መጠየቅ ይቸግራል ለካ!» ብሎ የራሱን ቃል መለሰ። እኛም ስሟን ጠየቅናት፤ ነገረችን። እዚህ ያልጻፍነውም በጋዜጣ እንዳይወጣ እርስዋ ራስዋ ስለ ለመነችን ነው።

ስለዚህ ለአባቶችና ለእናቶች፤ በሥራ ቤትም ለሚያዙ አለቆች ይህን ምክር በትሕትና እናቀርባለን። በቤት ውስጥ ጥሩ ሥራ ሲታይ ከማመስገን በፊት «ማን ሠራው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ልጆችም የሌላውን ምስጋና ዝም ብለው እንዳይቀበሉ ከሕፃንነታቸው ይልመዱ። ባለ እጅን የሚያሠራ ሰው ዋጋውንና የሥራውን ባለቤትነት አስቀድሞ በጽሕፈት ይወስን። የሚሠራ ደግሞ ያን የመጀመሪያ ወረቀቱን ቀን ጽፎበት ያስቀምጥ። ሹምም ጸሐፊው ያዘጋጀለትን ጽሑፍ ለበላዩ ሲያቀርብ «ይህን የደከመበት እገሌ ነው» ቢል ከማዕርጉ የሚጐድልበት የለም፤ ይልቁንም ሠራተኛው በሚመጣው ጊዜ ከፊተኛው የበለጠ እንዲተጋለት ያደርጋል።

ደመወዝ በልቶት ያልቃል፤ ካናቴራም ያረጃል። ስም ግን ከመቃብር በላይ ይውላል ተብሏልና ገንዘቡን ከፍለን ስሙን ያስቀረንበት ሠራተኛ በየቤታችን እንዳለ፤ ዛሬ ማታ ከማዕድ ስንነሣ እያንዳንዳችን ዘወር ብለን እንይ።