ስለ መጋዘን የእጅ ስልክ አመራረጥ



የአንገር ጉቲን ቆላ በቆሎና ሰሊጥ አብቃይ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም። ነገር ግን እህሉ ከአውድማ ተነሥቶ ወደ መጋዘን ከገባ በኋላ የገበሬው ሀብት በመዝገቡ ላይ ያድራል። ክብደቱ፣ ደረጃውና የባለቤቱ ስም በትክክል ካልተጻፈ፣ ጆንያው በደህና ቢቀመጥም ባለቤቱ ተጐጂ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህም የወለጋ ሰሊጥ በመጋዘን ደረሰኝ መሸጥ ስለ ተለመደ፣ የመዝገብ ነገር ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል።

ዛሬ በብዙ ሥፍራ ይህ መዝገብ ከወረቀት ወደ እጅ ስልክ በመዛወር ላይ ነው። ነገሩ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ስልኩን የሚገዛው ሹም በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ዋጋውንና መልኩን ብቻ አይቶ እንዳይመርጥ ልናሳስብ እንወዳለን። በመጋዘን የበቆሎ ብናኝ ይሞላበታል፤ ላብ የነካው እጅ ይይዘዋል፤ ከጆንያ ክምር ላይ ይወድቃል፤ ክረምትም ሲገባ እህል ከመኪና በሚወርድበት ደጃፍ ዝናብ ያገኘዋል። ርካሹ ስልክ በአንድ መከር ተሰብሮ ሁለተኛ ከተገዛ፣ ርካሽነቱ ወዴት አለ? ይልቁንም በውስጡ የነበረው የገበሬ ሒሳብ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ሻጩን «ጠንካራ ነውን?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሻጭ ሁሉ ዕቃውን ያመሰግናልና። መለኪያው የታወቀ ነው። በዓለም አቀፍ ደንብ «አይፒ 67» የሚል ምልክት ሲገኝ፣ 6 ቁጥር አቧራ ፈጽሞ እንዳይገባ መሠራቱን፣ 7 ቁጥር ደግሞ በ1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቈይ እንዳይበላሽ መሠራቱን ያመለክታል። ስለ መውደቅም ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት ደንብ የተወሰደ ፈተና አለ፤ ይኸውም ከ1.22 ሜትር ከፍታ 26 ጊዜ መጣል ነው።

ባትሪው በቀላሉ የሚለወጥ ይሁን፤ መብራት በጠፋ ቀን ሚዛኑ ሥራ አይፈታምና። መሥመር በሌለ ጊዜ መዝግቦ፣ መሥመር ሲመለስ የሚልክ ይሁን፤ በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ የስልክና የኢንተርኔት መሥመር ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አንርሳ። ጽሕፈቱም ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ ይሁን።

ብርቱው ስልክ ውድ ነው ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ቢሆንም ብዙ ደካማ ከመግዛት ጥቂት ብርቱ መግዛት ይሻላል። አስቀድሞም ሁለት ሦስት ዓይነት ተመርጦ፣ ለአንድ ወር በመጋዘኑ ለሚመዝነው ሠራተኛ ይሰጥና ፍርዱ ይሰማ። አዲሱ መዝገብ እስኪታመን ድረስ የወረቀቱ መዝገብ አይጣል።

እህሉን ከነቀዝ የምንጠብቀውን ያህል መዝገቡንም ከአቧራና ከዝናብ እንጠብቅ፤ ሁለቱም የገበሬው አደራ ናቸውና።